ዛፍ ላይ አንድ ገመድ አይበቃም
በአዊ ንብ አናቢዎች፣ ዘር ለቃሚዎችና ቅርንጫፍ መልማዮች ሊያውቁት የሚገባ የደህንነት አሠራር

ክረምቱ ወጥቶ የማሳው ዳር በመችና በአደይ አበባ ሲደምቅ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዛፍ ላይ የመውጣት ሥራም ይበረታል። ንብ አናቢው ከቀርከሃ ሠርቶ በጭቃና በእበት የለቀለቀውን ቀፎ በመዓዛማ ቅጠል ያጥናል፤ የሚፈልሰውን መንጋ እንዲይዝለትም ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ጥቅምትና ኅዳር ሲደርስ ደግሞ ማሩን ሊቆርጥ፣ አብዛኛውን ጊዜም በጨለማ፣ ተመልሶ ይወጣል። ከዛፉ ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ ወገቡ ላይ የታሰረ አንድ ገመድ ነው። ያ አንድ ገመድ ቢበጠስ፣ ቢፈታ ወይም በመጋዝ ቢቆረጥ ሰውየውን የሚይዘው ሌላ ነገር የለም።

የደህንነት ባለሙያዎች ለዚህ ችግር የሚሰጡት መልስ ከቃል አንጻር ቀላል ነው፦ ሁለተኛ ገመድ ይኑር። ሁለተኛው ገመድ ግን ዝም ብሎ የሚጨመር ነገር አይደለም። የት እንደሚታሰር፣ መቼ እንደሚፈታና በምን ሁኔታ እንደሚጠበቅ ካልታወቀ ካለመኖሩ የማይሻልበት ጊዜ አለ።

ዛፍ ላይ የሚያስወጡ ሥራዎች

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ሰው ዛፍ ላይ የሚወጣው ለማር ብቻ አይደለም። የጥላና የአጥር ዛፎች ማሳ ላይ ጥላ እንዳይጥሉ ቅርንጫፋቸው ይመለመላል። ከቤት ጣሪያና ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያደገ ባሕር ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ እየተቆረጠ ይወርዳል። በበጋ ለከብት መኖ የሚሆን ቅጠልም ከላይ ይቆረጣል።

የዛፍ ዘር መሰብሰብም ሌላው ምክንያት ነው። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የችግኝ ፍላጎት ጨምሯል፤ ችግኝ ደግሞ ዘር ይፈልጋል። ከመሬት የሚለቀም ዘር ቢኖርም ሁሉም ግን እንዲያ አይገኝም። ለምሳሌ የግራቪሊያ ፍሬ ሲደርስ ወዲያው ተከፍቶ ቀላልና ክንፋማ ዘሩን ለነፋስ ስለሚሰጥ፣ ሳይከፈት ከነቅርንጫፉ መውረድ ይኖርበታል። የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴው የተለያየ በመሆኑ ዘር የሚገኘው ከሴቴው ዛፍ ብቻ ነው፤ ዘሩም ደቃቅ ስለሆነ ከላይ ከነዘለላው ይቆረጣል።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሠራተኛው ሁለት እጁን ለሥራ ይፈልጋል። አንድ እጁ ቅርንጫፍ፣ ሌላው መጋዝ ወይም ማጨሻ ይዞ ለረጅም ጊዜ መቆየት አይችልም። እጅ ሲደክም እግር ይንሸራተታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በእንጅባራና በአካባቢዋ ዝናቡ ብዙ፣ ጠዋቱም ጤዛማ በመሆኑ የዛፍ ልጥና ሽበት ለብዙ ወራት እርጥብ ነው። ልጡ የተላጠ ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በኮንጎ ጫማ ወደዚያ መውጣት አደጋውን ያባብሰዋል።

ከፍታው ስንት እንደሆነ መገመትም ቀላል አይደለም። ከ5 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት 1 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሲደርስም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት አለው። ከ10 ሜትር ሲሆን ጊዜው ወደ 1.4 ሰከንድ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህም ማለት ከወደቁ በኋላ ቅርንጫፍ እይዛለሁ ብሎ ማሰብ የሚያዋጣ አይደለም። የሚያድነው አስቀድሞ የታሰረው ብቻ ነው።

የወገብ ገመድ የማይችለው

በገጠር ቤት በቀላሉ የሚገኘው ገመድ መጫኛ፣ የቃጫ ገመድ ወይም ከገበያ የተገዛ ናይለን ነው። እነዚህ እህል ለመጫን፣ ከብት ለማሰርና ውኃ ለመቅዳት የተሠሩ ናቸው። ምን ያህል ክብደት እንደሚችሉ አልተጻፈባቸውም። የሚንጠለጠል ሸክም መቻላቸውም የሚወድቅ ሰው መቻላቸውን አያረጋግጥም፤ ወድቆ በድንገት የሚቆም ሰው በገመዱ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነውና።

ገመዱ ቢችል እንኳ በወገብ ብቻ መታሰር የራሱ ጣጣ አለው። ሰውየው ሲወድቅ መላ ክብደቱ ሆዱና የጎድን አጥንቱ ላይ ያርፋል፤ መተንፈስ ይከለክለዋል፤ ተገልብጦ ከገመዱ ሊሾልክም ይችላል። ሸምቀቆ ከሆነ ደግሞ እየጠበቀ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ለዛፍ ሥራ የሚዘጋጀው ሴፍቲ ቤልት ወገብን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ጭኖች ጭምር የሚይዝ ነው። ሠራተኛው እንደ ወንበር ተቀምጦበት ሁለት እጁን ነጻ አድርጎ መሥራት ይችላል።

ከቤልቱ ጋር ሦስት ነገሮች ይሄዳሉ። አንደኛው ከላይ ከጠንካራ ባላ የሚታሰረው ዋናው ገመድ ነው። ሁለተኛው ግንዱን ዞሮ በቤልቱ ግራና ቀኝ ጎን የሚያያዘው አጭር ማሰሪያ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚወጡ ሠራተኞች ምሰሶውን የሚያቅፉበትን ቀበቶ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሦስተኛው ገመዱን ከቤልቱ የሚያገናኘው ካራቢነር የሚባለው ቆላፊ የብረት ቀለበት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ነገር አለ። አጭሩ ማሰሪያ ሠራተኛውን ቦታው ላይ እንዲቆይ ለማድረግ የተሠራ እንጂ ረጅም ውድቀት ለመያዝ የተሠራ አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ እንዲህ ዓይነት ማሰሪያ የያዘ ሠራተኛ ከ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይወድቅ ያዝዛል። ማሰሪያው ልል ሆኖ ሠራተኛው ከላዩ ከተንጠራራ፣ ወይም ማሰሪያው ከእግሩ በታች ከወረደ፣ ያ ልክ ታልፏል ማለት ነው። በዚህ ላይ ግንዱን ያቀፈ ማሰሪያ ከፍ ብሎ የሚይዘው ቅርንጫፍ ከሌለ በለስላሳ ግንድ ላይ ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል።

ከደብረ ዳሞ የሚገኝ ትምህርት

በሁለት ገመድ መታመን ለኢትዮጵያ እንግዳ አሠራር አይደለም። በትግራይ ወደሚገኘው ጥንታዊ የደብረ ዳሞ ገዳም የሚሄድ ሰው 15 ሜትር ገደማ ቁመት ያለውን ቀጥ ያለ ገደል የሚወጣው ከላይ በተለቀቀ የጠፍር ገመድ ነው። ሆኖም በእጁ የያዘው ጠፍር ብቻውን አይታመንም። ሌላ ጠፍር በወገቡ ዙሪያ ታስሮ፣ ከላይ የቆመው ሰው ወጪው በተራመደ ቁጥር ይስበዋል። አንዱ መውጫ፣ ሌላው መያዣ ነው። እጁ ቢከዳው መያዣው አይከዳውም።

የዛሬው የዛፍ ላይ ሥራ ደንብም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የከፍታ ሥራ ደንብ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው በተለያየ ቦታ የታሰሩ ቢያንስ ሁለት ገመዶች እንዲኖሩት ያዝዛል፤ አንዱ የሥራ፣ ሌላው የመጠባበቂያ። ከዚህ ነጻ የሚሆነው ሁለተኛው ገመድ ራሱ ሥራውን ይበልጥ አደገኛ እንደሚያደርገው ተመርምሮ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በአሜሪካ የዛፍ ሥራ መመሪያም ዛፍ ላይ ሆኖ በሞተር መጋዝ የሚቆርጥ ሠራተኛ ከዋናው ገመድ ሌላ ሁለተኛ ማሰሪያ እንዲኖረው ያስገድዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መጋዝ ቅርንጫፉንና ገመዱን አይለይም።

ሦስቱ ደንቦች

የሁለተኛው ገመድ አሠራር ዝርዝሩ ብዙ ቢሆንም በሦስት ደንቦች ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው ደንብ አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው አይፈታም የሚል ነው። ሰው ከዛፍ የሚወድቀው ቆሞ ሲሠራ ብቻ አይደለም፤ ቅርንጫፍ ለማለፍ ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና እስኪያስር ባሉት ጥቂት ሰከንዶችም ነው። በመሆኑም ባለ ሁለት ጫፍ ማሰሪያ ወይም ሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ከቅርንጫፉ በላይ ዞሮ ከተቆለፈና በክብደት ከተፈተሸ በኋላ ብቻ ከታች ያለው ይፈታል። ከመሬት እስኪነሳ እስከሚመለስ ድረስ ሰውየው ምንም ያልታሰረበት ቅጽበት ሊኖር አይገባም።

ሁለተኛው ደንብ ሁለት ገመድ ሁለት ቦታ ይታሰር የሚል ነው። ሁለት ገመድ በአንድ የበሰበሰ ቅርንጫፍ ላይ ሲታሰር እንደ አንድ ይቆጠራል፤ ቅርንጫፉ ሲሰበር ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። እንዲሁም ሁለቱም ገመዶች በአንድ ካራቢነር ላይ ከተገናኙ የካራቢነሩ መከፈት ሁለቱንም ያሳጣል። መጠባበቂያው ለብቻው ባላ፣ ለብቻው ካራቢነር ሊኖረው ይገባል። ዋናው ገመድ የሚታሰርበት ሕያው ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚለይበት ቦታ ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመከራል፤ እንደ ዛፉ ዓይነትና ጤንነት ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰዎች ከመሬት ሆነው በገመዱ ላይ አብረው በመንጠልጠል ይፈትሹታል። ሁለት ሰው ካልያዘ አንድ ወዳቂ አይይዝም።

ሦስተኛው ደንብ መጠባበቂያው ከራስ በላይና ሳይላላ ይታሰር የሚል ነው። ገመዱ ከላይ ተወጥሮ ከተያዘ ሠራተኛው ቢንሸራተት ወዲያው ይቆማል። ያው ገመድ እግሩ ሥር ከታሰረ ግን የገመዱን ርዝመት ሁለት እጥፍ ከወደቀ በኋላ ነው የሚይዘው። ያን ጊዜ ድንጋጤውን ገመዱም፣ ባላውም፣ የሰውየው አከርካሪም ላይችሉት ይችላሉ።

ከዋናው ገመድ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ መያዣ ለመሥራት በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የፕሩሲክ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1931 ካስተዋወቀው ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ ነው። ከዋናው ገመድ የቀጠነ፣ ጫፍና ጫፉ የተያያዘ ጠንካራ ገመድ በዋናው ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ሲለቁት ይንሸራተታል፤ ክብደት ሲያርፍበት ደግሞ ጨብጦ ይቆማል። ቋጠሮው ጠቃሚ ቢሆንም በእርጥብ ወይም በጭቃማ ገመድ ላይ ሊሾልክ ስለሚችል፣ ሰው ከመሬት ከፍ ሳይል ደጋግሞ መሞከር አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው አባባል ለገመድም ይሠራል።

ዕቃው ራሱ ሲታመም

የደህንነት ዕቃ ሳይታይ የሚያረጅ ነገር ነው። ናይለን ገመድ ፀሐይ ላይ ሲውል ሳይበጠስ ይደክማል። የባትሪ አሲድ የነካው ናይለን ቀለሙ ብዙም ሳይለወጥ ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ ገመድን ከመኪና ባትሪ ወይም ከኬሚካል ጋር በአንድ መጋዘን ማስቀመጥ አደገኛ ነው። የቃጫ ገመድ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ይበሰብሳል። አይጥ የነካካው፣ እሳት የለበለበው ወይም የመጋዝ ጥርስ የላሰው ገመድ ለሰው አይሆንም፤ ለእንጨት ማሰሪያ ይዋል።

ከመውጣት በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየዳሰሱ ማለፍ ያስፈልጋል። የጠነከረ፣ የሳሳ፣ ያበጠ ወይም የተበላ ቦታ ከተገኘ ገመዱ ይወገዳል። በቤልቱ ላይ ስፌቱ፣ ዘለበቱና ቀለበቶቹ ይታያሉ። በካራቢነሩ ላይ መክፈቻው ሲለቁት ራሱ መዘጋቱና መቆለፉ፣ ዝገትና ስንጥቅ አለመኖሩ ይረጋገጣል።

ካራቢነር ሲገዛም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለቁልፍ ማንጠልጠያ የሚሸጡ መሳዮች የሰው ክብደት አይችሉም። ለዚህ ሥራ የተሠራው ካራቢነር የሚችለው ጉልበት በኪሎ ኒውተን ተቀርጾበታል፤ 22 ኪሎ ኒውተን የሚል ጽሑፍ 2 ሺህ 240 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን መክፈቻው ተዘግቶ በቁመቱ ሲሳብ ያለው ነው። መክፈቻው ተከፍቶ ወይም በጎኑ ቅርንጫፍ ላይ ተደግፎ ከተሳበ አቅሙ ወደ ሲሦ ሊወርድ ይችላል። ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ቋጠሮም የገመድን አቅም ይቀንሳል። እንደ ቋጠሮው ዓይነት ከአምስት አንድ እጅ እስከ ግማሽ ገደማ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ገመድ ሲመረጥ የሚታሰበው ቋጠሮ ያለበት አቅሙ ነው። ማሰሪያ በመጋዝ እንዳይቆረጥ ተብሎ ውስጡ ሽቦ የገባበት ዓይነትም አለ። ይህ የእጅ መጋዝን ለአፍታ ቢቋቋምም የሞተር መጋዝን አይችልም፤ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ደግሞ ሽቦው ራሱ አደጋ ነው።

ከባድ ውድቀት የያዘ ገመድ ወይም ማሰሪያ ጉዳት ባይታይበትም ዳግም ለሰው አይውልም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ደንብ ሰው የሚንጠለጠልባቸው ዕቃዎች ቢያንስ በየ6 ወሩ በሚያውቅ ሰው ተመርምረው ይመዘገባሉ። ለአዊ ወረዳዎች ይህ ልምድ አንድ ደብተርና አንድ ኃላፊ ብቻ የሚጠይቅ ነው፦ ዕቃው መቼ ተገዛ፣ ማን ወሰደው፣ መቼ ታየ፣ መቼ ተወገደ።

ንብ ሲነሳስ?

ንብ አናቢዎች ገመድ ለማሰር ከሚያመነቱበት ምክንያት አንዱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። መንጋው ተቆጥቶ ሲነሳ የታሰረ ሰው ዘሎ ማምለጥ አይችልም፤ ገመድ ለንብ አሳልፎ ይሰጣል የሚል ስጋት አለ። አንድ ንብ ስትነድፍ የምትለቀው ሽታ ሌሎቹን ስለሚጠራ ስጋቱ እውነት አለው።

ሆኖም ከ8 ወይም ከ10 ሜትር ላይ መዝለል ከንብ ማምለጫ አይሆንም። መፍትሔው ገመዱን መተው ሳይሆን መውረጃውን ማዘጋጀት ነው። የንብ ልብስ፣ ጓንትና የፊት መሸፈኛ ሳይለበስ አይወጣም። ማጨሻው ከመውጣት በፊት በደንብ ተቀጣጥሎ መጨሱ ይታያል፤ ጭስ የንቦቹን የማስጠንቀቂያ ሽታ ይሸፍናል። ዋናው ገመድ ከላይ ባላ ላይ ዞሮ እስከ መሬት የሚደርስ ከሆነና ታች የቆመው ረዳት በግንድ ላይ ጠምጥሞ ከያዘው፣ ሠራተኛው ምንም ሳይፈታ ረዳቱ ቀስ አድርጎ ሊያወርደው ይችላል። ይህን ግን ከሥራው ቀን በፊት፣ በቀን ብርሃንና ንብ በሌለበት ዛፍ መለማመድ ያስፈልጋል።

ለብቻ መውጣት የማይፈቀደውም ከዚህ የተነሳ ነው። በቤልት ላይ ተንጠልጥሎ መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ደሙ እግሩ ላይ ስለሚቀር በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ገመዱ ያተረፈውን ሰው መዘግየት ሊገድለው ይችላል ማለት ነው። ታች የሚቆመው ሰው ስልክ የያዘ፣ ማውረድ የሚያውቅ፣ ከሚወድቅ ቅርንጫፍ ራቅ ብሎ የቆመና ሄልሜት ያደረገ መሆን አለበት። የወደቀ ሰው ካለም በእጅና በእግሩ አንጠልጥሎ ማንሳት አከርካሪውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ቀጥ አድርጎ በቃሬዛ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።

ባይወጣስ?

ከሁሉም የሚሻለው ደህንነት ሥራውን ከመሬት መሥራት ነው። መንጋ ለመያዝ ቀፎ መስቀል ካስፈለገ ከፍ ባለ ባላ ላይ ገመድ አሳልፎ ቀፎውን ከታች መሳብና መንጋው ከገባ በኋላ በዚያው ገመድ ማውረድ ይቻላል። ገመዱን ወደ ላይ ለማሳለፍ በቀጭን ሲባጎ ጫፍ ላይ ትንሽ ከረጢት አስሮ መወርወር በቂ ነው። መንጋው ከወረደ በኋላ ጓሮ ውስጥ በመደብ ላይ ወደሚቀመጥ የሽግግር ወይም ዘመናዊ ቀፎ ቢዛወር፣ ማሩን በቀላሉ እየተቆጣጠሩ መቁረጥ ይቻላል። ዛፍ ላይ ለማር የሚወጣበት ምክንያትም ይቀራል።

ለቀጭን ቅርንጫፍና ለዘር ዘለላ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ መጋዝ ወይም ማጭድ፣ ከታችም የተነጠፈ ሸራ ብዙ መውጣትን ያስቀራል። ከኤሌክትሪክ መስመር በ3 ሜትር ውስጥ ያለ ቅርንጫፍ ግን በረጅም እንጨትም ቢሆን አይነካም። በገጠር የሚያልፉት መስመሮች 15 ሺህና 33 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ በመሆናቸው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅና ኃይሉ እንዲቋረጥ ማድረግ ግዴታ ነው።

መውጣት የማይቀር ከሆነ ዛፉ አስቀድሞ ይታያል። ሥሩ ላይ እንጉዳይ ያበቀለ፣ ግንዱ በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሥሩ የተነሳ ዛፍ ላይ ሁለት ገመድም አያድንም። ዝናብና ነፋስ ባለበት ቀንም ሥራው ይቆያል። ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ከመጥረቢያ ይልቅ የእጅ መጋዝ ይመረጣል፤ የሚወነጨፍ መጥረቢያ የራስን ገመድ ለመቁረጥ ቅርብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ዛፍ ላይ የቸኮለ ግን የሚለቅምበት ዕድል ላይኖረው ይችላል።

የወረዳው ድርሻ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በአንቀጽ 93 ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ስለሆነም ዛፍ ለማስቆረጥ ወይም ዘር ለማስለቀም ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ድርጅት ወይም ባለሀብት ገመዱን ከሠራተኛው ቤት እንዲመጣ መጠበቅ አይችልም።

በራሱ ዛፍ ላይ የራሱን ቀፎ የሚሰቅለው አርሶ አደር ግን አሠሪ የለውም፤ አዋጁም በቀጥታ አይደርስለትም። እሱን የሚደርሰው የግብርና ኤክስቴንሽኑ ነው። በቀበሌው ያሉ የግብርና ባለሙያዎች ስለ ቀፎ አያያዝና ስለ ንብ ቀሰም ዕፅዋት ሲያስተምሩ ስለ አወጣጡም አብረው ሊያስተምሩ ይችላሉ። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ከ2 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ ቋጠሮ፣ ማሰሪያ ማዛወርና ሰው ማውረድ የሚለማመዱበት ቦታ ለመሆን የሚጎድላቸው አንድ ጠንካራ ዛፍና አንድ የሠለጠነ ሰው ነው።

ዕቃውም እያንዳንዱ ቤት ሊኖረው የግድ አይደለም። በንብ አናቢዎች ማኅበር ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ለአንድ ቀበሌ አንድ ሙሉ ስብስብ ቢገዛ፦ ጭንን የሚይዝ ቤልት፣ ዋና ገመድ፣ ሁለት ማሰሪያ፣ የሚቆለፉ ካራቢነሮች፣ ሁለት ሄልሜትና መመዝገቢያ ደብተር፤ በተራ መጠቀም ይቻላል። ቀፎና የንብ ልብስ ለማቅረብ በጀት የሚይዝ ጽሕፈት ቤት ይህን ከዚያው ዝርዝር ጋር ማካተት ይችላል። ዘር የሚያሰባስቡና ችግኝ የሚያፈሉ ጣቢያዎችም ከለቃሚዎች ጋር ውል ሲይዙ የሁለተኛውን ገመድ ጉዳይ በውሉ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ደንቡ ከምክር ወደ ግዴታ ይሸጋገራል።

አንድ ባህላዊ ቀፎ በአንድ ወቅት የሚሰጠው ማር ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ ግራም በታች ነው። ለእሱ ሲባል የቤቱ አባወራ ወይም ጉልበት የደረሰ ልጅ አከርካሪው ቢሰበር፣ ያ ቤት በሚቀጥለው ክረምት የሚያርስለት አይኖረውም። የገመዱ ዋጋ መታየት ያለበት ከማሩ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከዚህ ኪሳራ ጋር ነው። መንጋው ሲፈልስ ሥራው ይጣደፋልና ቤልቱ የሚገዛው፣ ቋጠሮው የሚለመደውና ደብተሩ የሚከፈተው ቀፎው ከመሰቀሉ በፊት ሊሆን ይገባል።